በመታጠቢያ ቤት በር የተሸነፈው ጃኬት

ለጀግናው አዳኝ፣

አዲሱ የዝናብ ጃኬትህ መታጠቢያ ቤት ተሰቅሏል። እጅጌው ተቀዷል። ሳትጮህ ጨርሰህ አንብብ።

«እንደ ላባ ይቀላል» እያልክ ሳምንቱን ሙሉ አደነቆርከኝ። ዛሬ ጠዋት ለበስኩትና ድንች የሞላ ቦርሳ አዝዬ ሻወር ስር ቆምኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጫካ ውስጥ ነኝ ብዬ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ቦርሳው በተጫነበት በኩል ውሃው ዘልቆ ትከሻዬን አራሰው። ስራመድ ደግሞ እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ሚዳቋዋ መምጣትህን ከአንተ ቀድማ ታውቃለች።

ስወጣ የበሩ መቀርቀሪያ እጅጌውን ያዘውና ተቀደደ። አዎ፣ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ግን የመታጠቢያ ቤት በር ያሸነፈውን ልብስ እሾህ ሊምረው ኖሯል? ሻጩ የሽንኩርት ልጣጭ ነው ያሸከመህ። አንተ እንደሆንክ ቀለሙን አይተህ ቀልጠሃል።

የእኔን ጃኬት ከበሩ ጀርባ ታገኘዋለህ። ቀለሙ ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ከአንተኛው ቢከብድ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው፤ ትከሻውና ክርኑ ግን ድርብ ነው፣ ድምፅም የለውም። ዳገት ላይ የብብቱን ዚፕ ክፈተው፣ አለዚያ በገዛ ላብህ ትበሰብሳለህ። እሳት አጠገብ አታድርቀው።

ድንቹን ቀቅዬዋለሁ፣ ለመንገድ ያዘው።

አምና የሳንባ ምች ይዞህ ከጫካ ተሸክመው ሲያመጡህ፣ እናትህ በደወሉ ቁጥር «ደክሞት ተኝቷል እማማ» እያልኩ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ውሸት አልቆብኛል።