ያልታደሰው የቤቴ ውል

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔና ልጆቹ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን፤ ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው የሚያስቸግረን። አሶሳ ዝናቡ ገብቷል፤ ባምባሲም ሳይጥል አይቀርም።

እናታለም፣ በስልክ የማይነገር ነገር ስለገጠመኝ ነው የጻፍኩልሽ። የቤቴን የእሳት ኢንሹራንስ አናድስም አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳላሳልፍ የከፈልኩበት ነው። ቤቱ በባንክ ብድር የተሠራ ስለሆነ፣ ያለ ኢንሹራንስ ባንኩ ዝም አይለኝም።

ውሉ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አብዱልረሂም የሚባል ሠራተኛቸው ቤቱን ሊያይ መጣ። ሳሎኑን፣ ማድ ቤቱን ካየ በኋላ ጓሮ ያለችውን የሰርቪስ ክፍል ክፈቺልኝ አለኝ። ከፈትኩለት። ከአሮጌው አልጋ ጀርባ አሥራ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ተደርድሯል። የምግብ ዘይት ነው፣ ለሁለት ቀን ብቻ ነው ተብዬ የተቀበልኩት ነበር። ሽታው አልፎ አልፎ ይመጣብኝ ነበር፤ ያመጣውን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማምነው ግን ገልጬ አላየሁም።

ሰውየው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው» አልኩት።

ሌላ ምን ልበል? ነዳጅ ሲያከማች የተያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ትሰሚያለሽ።

ጀሪካኖቹን በዚያው ቀን አስነሥቼ፣ በማግሥቱ ቢሯቸው ሄድኩ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ኢኽላስ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ውሉን በመሀል ቢሰርዙት ኖሮ አስቀድመው አሳውቀው የቀረውን ገንዘብ ይመልሱልኝ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ማደስም አለማደስም የእነሱ ፈቃድ ነው። «ቤትሽ ውስጥ ያለውን አደጋ ደብቀሽን፣ ከእንግዲህ እንዴት እንመንሽ?» አለችኝ። ደብቄ የማላውቅ ሰው ይህን ተብዬ ወጣሁ።

ሌላ ኩባንያ ሄድኩ። ቅጹ «ከዚህ በፊት ኢንሹራንስ ተከልክለው ያውቃሉ?» ይላል። አዎ ብዬ ሞላሁ። እንደውልልሻለን አሉኝ፤ እስካሁን አልደወሉም። ውሉ ያለቀው ባለፈው ዓርብ ነው። መብረቅ በጮኸ ቁጥር ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ።

ለጎረቤትሽ ለእትዬ አሰለፈች ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ደብዳቤውን እንደወትሮው ታረቀኝ ያንብብልሽ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪው፤ ወንድሜ ራሱ ያንብበው። እዚህ ድረስ ከዘለቀ ትንሽ ይረፍ፤ ውኃም ስጪው። ምንም አትጠይቂው።

እመብርሃን ትጠብቅሽ፤ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ።

ልጅሽ