የአረካ ሚኒባስ ፊቶች

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ረዳቱ አረካ አረካ እያለ ይጮኻል። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ የሥዕል ደብተሬ ጉልበቴ ላይ። ማኒላ ወረቀት አጣጥፌ በኮላ ያያያዝኩት ነው። ሲዘረጋ ከሶዶ መናኸሪያ እስከማስተምርበት ት/ቤት በር ያለውን መንገድ በሙሉ ይይዛል፣ ተሳፋሪውን ጨምሮ። ዛሬ ጎደሬ የታቀፈች ሴት ሳልኩ። ጥሩ ወጣች። ቡናማ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ዛሬም ከኋላዬ ነው። በትከሻዬ በኩል ያያል። ምን ፈልጎ?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ሆን ብዬ ሁለት መኪና አሳለፍኩ። እሱም አሳለፈ። ቀጣዩ ላይ አብረን ገባን። ሥራ የለውም ወይስ ሥራው እኔ ነኝ? ባያስፈራ ኖሮ ያስቅ ነበር። ወደ ኋላ እየዞርኩ የሳልኩት ጣሪያ ሁሉ ጠመመ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ማስታወሻዬ፣ የፈራሁት ደረሰ። የአንድ ለአምስታችን መሪ ወ/ሮ አስቴር ለብቻዬ ጠሩኝ። አንድ ሰው ት/ቤት ድረስ መጥቶ፣ ያቺ ሰው የምትስለዋ መምህርት ለማን ነው የምትሠራው ብሎ ጠይቋል። ወሬው ርዕሰ መምህሩ ጋ ደርሷል። ዓርብ ግምገማው ላይ ደብተሩን ይዤ መቅረብ አለብኝ። የሳልኳቸው እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚወርዱ፣ ምን እንደሚያወሩ አስረዳለሁ። ይህን ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ጠላኋቸው።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

አላስቻለኝም። ዞር ብዬ ባለ ጃኬቱን ለምን እንደሚከተለኝ ጠየቅኩት። ከእኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ።

«ቲቸር፣ ሦስት ጊዜ ሳልሽኝ። ለማን ነው የምትሰጪው?»

ከምርጫው በኋላ ወንድሙ ታስሯል። ከመያዙ በፊት አንድ የማያውቀው ሰው ፎቶ አንስቶት ነበር። ት/ቤታችን መጥቶ የጠየቀውም እሱ ራሱ ነው። እኔ እሱን ጆሮ ጠቢ ስል፣ ለካ እሱም እኔን እንደዚያው ብሎኛል። ማንም አልላከኝም ብዬ ማልኩለት። አላመነኝም። ደግሞስ ዓርብ ደብተሩን ካስረከብኩ፣ ልክ ነበር ማለት አይደል? ጨነቀኝ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ፣ ጠዋት

መቀስ ይዤ ተሳፈርኩ። ፊት ያለበትን ሁሉ በየማጠፊያው እየቆረጥኩ ለየባለቤቱ አደልኩ። ባለ ጎደሬዋ በወላይትኛ፣ አፍንጫዬ ይህን ያህል ነው እንዴ ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ባለ ጃኬቱ ሦስቱንም ተቀበለ። ጀርባቸውን ገልብጦ አየ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቀለል የሚለው መስሎኝ ነበር።

«እሺ፣ ኮፒውስ?» አለኝ።

ሳቁ ቆመ። የለም አልኩ። ሁሉም ያዩኛል። ባለ ጎደሬዋ ሳይቀር ወረቀቷን ሰብስባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አሁን ት/ቤቱ በር ላይ ቆሜ እየጻፍኩ ነው። ግምገማው ተጀምሯል። እጄ ላይ የቀረው መንገዱ ብቻ ነው፣ ሰው የሌለበት። እሱን አስረክባለሁ። ስለ ሰዎቹ ሲጠይቁኝ አንዳቸውንም አላውቅም እላለሁ። እነሱም ባያምኑኝ፣ ከባዶው መንገድ በቀር የሚያገኙት የለም።