ያን የፍጥነት መለኪያ ለምን እንደመረጥክልኝ

ውድ ዴልመር፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደው ነው፤ ደግሞ እንዳትኩራራበት። ከልጅነታችን ጀምሮ የገና ካርድ ስልክልህ እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው። ዛሬ ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የመጡልኝ ቃላት ሁሉ ግን አባቴ ቢሰማቸው አፌን በሳሙና እጠቢ የሚለኝ ዓይነት ሆኑብኝ።

ስልክ ብደውልልህ ታስቀኝ ነበር። አውቅሃለሁ። አንድ ቀልድ ጣል ታደርግና እኔም የተናደድኩበትን ረስቼ «በል ደህና ዋል» ብዬ እዘጋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው የበረዶ ወራት የአባቴን ፒክአፕ ጋራዥህ ያስገባሁበትን ቀን አልረሳኸውም። የፍጥነት መለኪያዋ ገመድ አርጅቶ መርፌዋ ወዲያ ወዲህ ትንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ መጦሪያ ቤት ከገባ ወዲህ ዓይኑ ፈዝዞ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። «በልደቴ ቀን በራሴ መኪና አንድ ጊዜ አዙሪኝ» ብሎኝ ነበርና ለዚያ ቀን እንድትደርስልኝ ለመንኩህ። ፍሬኗን ታያለህ፣ የፍጥነት መለኪያ ትቀይራለህ። በቃ፣ ሌላ ነገር አላልኩህም።

«ኤሌክትሮኒኩ ይሻለኛል» አልኩህ። «ገመዱ በነበረበት ቦታ ካምቢዮው ላይ ሴንሰር ይታሰራል። መርፌዋን የምታዛት ራሷ መኪናዋ ትሆናለች። አባዬ ይሄን ይወደዋል።»

«አንቺ ደግሞ! በዚህ ዘመን ማን ካምቢዮ ስር ይተኛል?» አልከኝ። «ጂፒኤሱን እንግጠምላት። ፍጥነቷን ሳተላይት ይነግራታል። ሽቦውን ከመሪው ፊት ክሩስኮቶው ላይ ታስሪያለሽ፣ አለቀ!»

«እህል ጎተራው ጣራ ስር ስገባ ሳተላይቱ ቢያጣኝስ?»

«እዚያ ውስጥ ደግሞ በፍጥነት ማን ሊከስሽ ነው? አይጦቹ?»

ሳቅሁልህ። እኔ ሞኟ! ከዚያ ጎንበስ አልክና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ሊዮና፣ አባትሽ ሚስተር ቮንድራ በእጃቸው የበየዱትን ካምቢዮ እኔ አልነካም። ይቅር፣ እንደተከበረ ይቀመጥ» አልከኝ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ እንደነበር አይተሃል።

ያ ካምቢዮ ምን እንደሆነ ከእኔ እኩል ታውቃለህ። አባቴ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ይወርድላታል፤ መኪናዋ ያለ ሹፌር ማሳው ላይ ታዘግማለች፤ እኔና አንተ ከኋላዋ እየተከተልን ድርቆሽ እንጭንባታለን። በውርጭ የተሰነጠቀ ጊዜም አባቴ በነሐስ በየደው። አንተ አባትህ በሞተ በዓመቱ፣ የአባቴን ጓንት አጥልቀህ፣ ብየዳ የተማርከው በዚያ ስንጥቅ ላይ ነው። አባቴ የብየዳውን መጨረሻ ወደ ላይ አጥፎ ሲያቆመው «ይሄ የእኔ ፊርማ ነው» ያለው ለሁለታችንም ነበር።

የልደቱ ቀን መጣ። አባቴን ከነርሷ ጋር ደግፈን መኪናዋ ውስጥ አስገባነው፤ አንተ ኬኩን ይዘህ የመጦሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመሃል። ሞተሩን አስነስቼ አንደኛ ማርሽ አስገባሁና ግቢውን መዞር ጀመርን። አባቴ ፈገግ ብሎ እጁን የማርሹ ዘንግ ላይ አሳረፈ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ።

«አቁሚያት።»

«ምን ሆንክ አባዬ? አመመህ?»

«ይሄ የእኔ ካምቢዮ አይደለም። የእኔ አንደኛ እንዲህ አያላዝንም። የት አደረግሽው? እንደ ላሞቹ ሸጥሽው?»

ላሞቹን የሸጥኩት ለእሱ መጦሪያ እንደሆነ አገር ያውቃል። ግን ነገሩ ከሆዱ አልወጣም ኖሯል። እኔም ደንግጬ በመስኮት «ዴልመር! ኧረ ና ንገረው!» ብዬ ጮህኩ።

አንተስ ምን አልክ? ኬኩን ከአንዱ እጅህ ወደ ሌላው አዛወርክና «እኔ እሷ ያመጣችልኝን መኪና ነው የሠራሁት፣ ሚስተር ቮንድራ» አልክ።

ያኔ አልገባኝም። እንዲያውም ወደ መኪናህ እየሸኘሁህ «አእምሮው እየደከመ ነው፤ እንዳትቀየመው» ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁህ። አንተም ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ «ግድ የለም፣ እርጅና ነው» አልከኝ። በዚያው እጅህ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ፊቱን ያዞርብኛል። የምወስድለትን የቼሪ ኬክ አይቀምስም። ለነርሷ «ይቺ ልጄ ከእኔ በፊት ንብረቴን ቀበረችው» ይላታል፤ እኔ እዚያው ቆሜ።

አንተን መጠርጠር ግን በሕልሜም አልመጣብኝም። መኪናዋ ስር የገባሁት በመርፌዋ ተናድጄ ነው። ስንዴ አስጭኜ ጎተራው ጣራ ስር እንደገባሁ መርፌዋ ዜሮ ላይ ቁጭ አለች። ሠራተኞቹ አላገጡብኝ፤ «ሊዮና፣ ቆመሻል እኮ! ለመኪናሽ ንገሪያት እንጂ!» እያሉ። እልህ ያዘኝ። ኤሌክትሮኒኩን ራሴ አስገባለሁ ብዬ ሴንሰሩን ገዛሁና ካርቶን አንጥፌ ስሯ ተኛሁ።

የገመዱ መግቢያ ተሰብሮ በማጣበቂያ ተደፍኗል። በላዩም ቀለም ተቀብቷል። ገመድም ሆነ ሴንሰር ሊገባበት አይችልም። ጂፒኤስ፣ ጂፒኤስ ብለህ የደረቅከው ለዚህ ነበር! የነሐሱን ብየዳ ፍለጋ ካምቢዮውን በጨርቅ ፈተግሁት፤ የለም። እዚያው ተኝቼ እንኳ ጠበቃህ ሆኜ «በሌላው ጎን ይሆናል፣ እኔ ተሳስቼ ነው» እያልኩ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው የእኔ ዓይነቷ ላይ ነው።

ቁርጡን ያወቅሁት በካውንቲው የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ ነው። የአንተም መኪና እንደ አባቴ ፒክአፕ ያለች ናት፤ ማርሿ አርጅቶ እያላዘነ ዓመት ሙሉ ደህና ካምቢዮ ስትፈልግላት ነበር። ከስሯ መስታወት ዘርግተሃል፤ እናንተ ተወዳዳሪዎች ሆዷ እንኳ እንዴት እንደሚያበራ ካላሳያችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁ! ዳኞቹ ጎንበስ ብለው ሲያደንቁ እኔም ጎንበስ አልኩ። ግራጫ ቀለም ቀብተኸዋል፤ ግን ብየዳው በቀለሙ ስር እንደ ጠባሳ አብጦ ይታያል። መጨረሻው ወደ ላይ ታጥፏል።

«እንዲህ ያለ ደህና ካምቢዮ ከየት አገኘህ?» አለህ አንዱ ዳኛ።

«ዕድል ነው!» ብለህ ልታሳየው ጎንበስ ስትል መስታወቱ ውስጥ ተያየን። ቀድመህ ቀና ያልከው አንተ ነህ።

በማግስቱ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኩት። እንዳላሳየው ዓይኑ አያይም። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ዴልመር? እኔ ያሳደግሁት ዴልመር? ልጄ፣ አጥፍተሽ ሳለ ደግሞ ሰው አትወንጅዪ።»

ዴልመር፣ ካምቢዮውን ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር! ወር ሙሉ ብነጫነጭብህም እሰጥህ ነበር። አባቴም «ስጪው» ይለኝ ነበር። አንተ ግን የብረቱ ሳያንስህ አባቴን ወሰድክብኝ።

ሸሪፍ አልጠራብህም። ለትርኢቱ ሰዎችም አልነግርም፤ ሽልማቱንም ግድግዳህ ላይ ስቀለው። ከአንተ የምፈልገው አፍህን ብቻ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መጥተህ በግራ ጆሮው በኩል ትቀመጣለህ፣ በቀኙ አይሰማም፤ ከዚያ የሠራኸውን በራስህ ድምፅ ትነግረዋለህ። የእኔን ድምፅ ማመን ትቷል።

ትመጣለህ ብዬዋለሁ። ስነግረው ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ነርሷንም ጢሜን ላጪኝ አላት። አባቴን በዕድሜዬ ዋሽቼው አላውቅም፤ አንተ ካልመጣህ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ያልሸጠችው፣
ሊዮና