አባዬ ያልነካው አፕዴት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 14

ይድረስ ለወንድሜ ለኢንጂነሩ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና መሆንህንማ አውቃለሁ። ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ኬክ ስትቆርስ የተነሳኸውን ፎቶ አይቼዋለሁ። ጉንጭህ ሞልቷል፤ ተመስገን።

በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። በስልክ ስናወራ ነገር ጠንከር ሲል «እትዬ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ትለኛለህ። ስልክ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ኔትወርክ የሚያስቸግረው ሰው አንተን ብቻ ነው ያየሁት። ወረቀት አይቆራረጥም። ይህን ይዞልህ የሚመጣው ጎረቤታችን ሾፌሩ ነው። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ፣ አንብበህ እስክትጨርስም ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይል ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ቀና ብለህ እሱን ማየት ትተህ አንብብ።

አባዬ መውደቁን ነግሬሃለሁ። እንዴት እንደወደቀ ግን አላስጨረስከኝም፤ «ዋናው መትረፉ ነው» ብለህ ዘጋኸው። አሁን ታስጨርሰኛለህ።

ክንዱ ላይ የተለጠፈችው የስኳር መለኪያ የምትነጋገረው ከስልኩ ጋር ነው። ስኳሩ ሲወርድ ስልኩ ይጮሃል፤ እኔም የያዝኩትን ልብስ ከነመርፌው ጥዬ ጭማቂ ይዤ እሮጣለሁ። እንዲህ እየኖርን ሳለ አንድ ቀን ስልኩ ላይ መልእክት መጣ፤ የመለኪያዋ አፕ ከዚህ በኋላ እንደዚህ ባለ አሮጌ ሲስተም ላይ አይሠራም የሚል። አባዬ አንብቦ ዘጋው። ለእኔ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጸጥ አለ፤ እኔ ሞኟ ደግሞ ጸጥታውን ጤና አድርጌ ቆጠርኩት። እንዲያውም «ዘንድሮስ ስኳርህ ጨዋ ሆነ» ብዬ ቀልጄበታለሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ እኩለ ቀን። የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እየጠቀምኩ ሳለ ከመታጠቢያ ቤት ባልዲ ሲንኳኳ ሰማሁ። ስገባ አባዬ ወለሉ ላይ ነው። በላብ ተጠምቋል፤ ዓይኑ እንደተገለጠ ነው፣ እኔን ግን አያየኝም። ስኳር በጣቴ ድዱ ላይ እያሸሁ ጠራሁት። «አባዬ» ብዬ አይደለም፤ በስሙ። ተወልጄ አባቴን በስሙ ጠርቼ አላውቅም። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖብኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ከርመን ስንወጣ ስልኩን ይዤ መታጠፊያው ላይ ወዳለው ሞባይል ጠጋኝ ሄድኩ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «እናቴ፣ ይሄ ስልክ እኮ ጡረታ ወጥቷል» አለኝ። በዚያው አፉ አዲስ ሊሸጥልኝ መደርደሪያውን ያሳየኛል።

«ምን ጡረታ? ወንድሜ አራት ዓመት አፕዴት ያገኛል ብሎ ነው የገዛለት። አራት ዓመትም አልሞላው» አልኩት።

«አራት ዓመቱ የሚቆጠረው ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን ነው እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም» አለኝ። «ሱቅ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የቆየበትም ይቆጠርበታል። መጀመሪያ በየዓመቱ የሚመጣው ትልቁ ያቆማል፤ ቀጥሎ ትንንሾቹ የደህንነት ጥገናዎች ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አፕ በየተራው በሩን ይዘጋበታል።»

ይህን አላውቅም ልትለኝ ነው? መተዳደሪያህ እኮ ነው! አባዬ ፊት ቁጭ ብለህ «አራት ዓመት ዋስትና አለው» ስትል የትኞቹን አራት ዓመታት ነበር የምትቆጥረው?

ቆይ፣ ገና ነኝ። ሰውዬው ስልኩን እየነካካ ቆየና ግንባሩን ቋጠረ። «የገረመኝ ግን፣ ይሄ ስልክ የመጣለትንም አልወሰደም» አለኝ። ሁለት ትልልቅ አፕዴቶች መጥተውለት ሳይጫኑ አልፈዋል። የመጨረሻው ቢጫንለት ኖሮ የመለኪያዋ አፕ ዛሬም ይሠራ ነበር። አፕዴቱ አሁንም ከድርጅታችሁ ሰርቨር ላይ አልተነሳም፤ ግን ድጋፉ ላለቀ ሞዴል ለዘላለም አያስቀምጡትም፣ ዛሬም ነገም ሊያነሱት ይችላሉ አለኝ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው እናቴ፤ ቶሎ ይጫኑት።»

ሳልጠይቀው ላስጭነው አልደፈርኩም፤ ቤት ገብቼ አባዬን «ለምንድን ነው ያልጫንከው?» አልኩት። ብርድ ልብሱን አጠፈ። እንደገና ዘረጋው። እንደገና አጠፈው።

«እሱ አትንካው ብሎኛል» አለኝ። «ሲመጣ ራሱ ይጭነዋል።»

አሁን ትዝ አለህ? ሶፋችን ላይ እግርህን ዘርግተህ፣ አፍህን ሞልተህ ስታስረዳን ነበር። አፕዴት ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይለቀቅም፤ መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ይላካል፤ እነሱ ላይ ችግር ካልታየ ነው ለቀረው የሚደርሰው። ቀድሞ የሚጭን ሰው መሞከሪያ ነው አልከን። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ቀድሞ ጭኖ ስልኩ እንደ ምጣድ እየጋለ ሲያስቸግረው ነበርና አመንንህ። «አባቴን መሞከሪያ አላደርገውም። አባዬ፣ አንተ አትንካው፤ በሚቀጥለው ወር ስመጣ እኔ እጭነዋለሁ» አልክ። አባዬ እንዴት ደስ እንዳለው አላየህም፤ አንተ ስልክህን ነበር የምታየው።

ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ነው። ባለሙያ አትንካ ካለው አይነካም። እራት ከበላን በኋላ ስልኩ «አዲስ ማሻሻያ አለ፤ አሁን ይጫን?» እያለ ይጠይቀዋል። እሱ መነጽሩን ያደርጋል፣ ጣቱን በጥንቃቄ ያነሳል፣ «በኋላ» የሚለውን ይጫናል። በዓይኔ እያየሁት ኖሬያለሁ። ጨዋታ የሚጫወት ነበር የሚመስለኝ። ለካ አንተን ነው የሚጠብቀው።

«የሚቀጥለው ወር» የት ገባ? ስብሰባ ዋጠው? አንተኮ ከወንበርህ ሳትነሳ ለማታውቀው ሕዝብ ሁሉ አፕዴት ትልካለህ። የማን ስልክ ወሰደ፣ የማን ቀረ ብለህ ስትከታተል ትውላለህ አሉ። የአባትህ ስልክ መቅረቱን ለማየት ማን ይላክብህ? የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት አንተ ነህ።

መውደቁን ስነግርህ ደግሞ ምን አልክ? «ያንን ስልክ ጣሉት፤ አዲስ እልካለሁ።» ላክህም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ካርቶኑ ላይ የሰባት ዓመት አፕዴት አለው ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና እስኪያስለው ሳቀ። «ሰባት ዓመት! ይሄ ዕቃ ቀብሮኝ ሊኖር ነው» አለ። ከዚያ ሳይከፍተው ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። ልክፈትልህ ብለው ተቆጣኝ። «ማሽን በፖስታ አይጠገንም። እኔ ራሴ ሳልሄድ የጠገንኩት ፓምፕ የለም። ይመጣል፤ ይከፍተዋል።»

አሮጌውንም አላስነካ አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ስልኩን የፒጃማ ኪሱ ውስጥ ከቶ እጁን ጫነበት። እስከዚያው በመርፌ ጣቱን እየወጋሁ ነው ስኳሩን የምለካው። ጣቱ ወንፊት ሆኗል። እኔ መርፌ ያስለመደኝ ጨርቅ ነው፤ የአባቴን ጣት መውጋት አልለመድኩም፣ እንድለምደውም አልፈልግም።

ቅዳሜ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶት ሄደ። በሩን ቆለፍኩ፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ። «አሁን ይጫን» የሚለውን ተጫንኩት። ስልኩ ጠፋ፤ በራ፤ እንደገና ጠፋ፤ ቀጭን መስመር ብቻ ስክሪኑ ላይ ትንፏቀቃለች። ቢበላሽ ምን እለዋለሁ? አልተበላሸም። የመለኪያዋ አፕ ተከፈተ፤ ቁጥሯን አሳየችኝ። ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ።

አባዬ ተላጭቶ፣ አንገቱ ላይ የፀጉር አስተካካዩ ዱቄት እንዳለ ገባ። ስልኩን አነሳ። ምልክቶቹ ሁሉ መልካቸው ተቀይሯል፤ ወዲያው ገባው። ሊጮህብኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ቆምኩ። አልጮኸብኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣

«እንግዲህ አሁን ምን ሊሠራ ይመጣል?» አለኝ።

ያን ጊዜ ጠላሁህ። ልደብቅህ አልፈልግም፤ ጠላሁህ። አብረን ማደጋችን፣ ጫማህን ያሰርኩልህ ልጅ መሆንህ እንኳ አላገደኝም።

ምላሴ ግን ከእኔ ቀደመ። «አባዬ፣ ይሄኮ ትንሹ ነው። ዋናው አዲሱ ነው» አልኩት። «ሞባይል ጠጋኙ ከልጅህ በስተቀር ማንም እንዳይከፍተው፣ ሌላ ሰው ከከፈተው ይበላሻል ብሎኛል።» ከጠጋኙ አፍ እንዲህ የሚባል ነገር አልወጣም። አባዬ ቀና አለ። «እንደዚያ ነው?» አለኝ። ተነስቶ ካርቶኑን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደ፣ በእጅጌው አቧራውን ጠረገና፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ብሎ ወደ ውስጠኛው መደርደሪያ አዛወረው። እራቱንም በላ።

ይኸው እኔም እንዳንተ ዋሾ ሆንኩ። ልዩነታችን፣ እኔ ከውሸቴ ጋር አንድ ቤት ነው የማድረው።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝ ነገር አለ። የስኳር ጉዳይ አይደለም። ወረቀት ላይ አላሰፍረውም፤ ፊትህን እያየሁ ካልሆነ በቀር አልናገረውም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰባት ዓመት ግን እንዳላየው ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

ሐሙስ ማታ አባዬ ይደውልልሃል። «አዲሱን እኔ ልክፈተው ወይስ አንተ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ማንም ሊከፍተው ይችላል ብትለው ወንድም የለኝም፤ አንተም እህት የለህም። «አትንካው፣ እኔ ስመጣ» በለው። ይህን ማለትማ ታውቅበታለህ።

ሾፌሩ ዓርብ ጠዋት ይመለሳል። ከጎኑ ያለውን ወንበር ለአንተ አስይዤልሃለሁ።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ወደዚህ ከሆነ።

እትዬ የምትላት
እህትህ