ተረከዜና ያልተነበበው ወረቀት

ማክሰኞ፣ ማርች 4
እኔ እናገራለሁ፣ እህቴ ሂልዳ ትጽፋለች። በእንቅስቃሴ የምታክመኝ የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ ኒያም ናት «ሕመሙን በየቀኑ ይመዝግቡ፣ ከአሥር ስንት እንደሆነ» ያለችኝ። እኔ መጻፍም ማንበብም አልችልም። ይህን ከሂልዳ ሌላ የሚያውቅ የለም። ማወቅም የለበትም።
ዛሬ ስድስት። ግራ ተረከዝ። ለሕክምናው ደረጃው ጫፍ ላይ በእግር ጣቶቼ ቆሜ ስልሳ ጊዜ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ክላይቭና የሩጫ ክለባችን ሰዎች በቦዩ ዳር ሲሮጡ በመስኮት አየኋቸው። መጋረጃውን ዘጋሁት።

ማርች 9
ሰባት። አሥራ አራት ወር ሙሉ ሕመም! ስልሳውን ሰማንያ አደረግኩት። አርባ ዓመት ድንጋይ የፈለጠ ሰው በአንድ ጅማት ይሸነፋል?

ማርች 13
ኒያም ዘንድ ሄድኩ።
«አቶ ዊልፍ፣ የሰጠሁዎት ወረቀት ላይ እንዳለው ነው የሚሠሩት?»
«እንዴታ!»
ተረከዜን ነካካች። በሚቀጥለው ወር ካልተሻለ ሩጫውን ስለመተው እንነጋገራለን አለች። መተው?... ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ማርች 16
ሂልዳ የካልሲ መሳቢያዬን ስታጸዳ ወረቀቱን አገኘችው። ማን ግቢ አላት? (ይህንንም ጻፊ አልኳት።)
«አንተ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትሠራው?»
«ሰማንያ።»
«አሥራ አምስት ነው የሚለው! በሁለት እግር ውጣ፣ በታመመው ብቻ ውረድ፣ ስትወርድ እስከ አምስት ቁጠር ይላል። አንተስ?»
«ቶሎ ቶሎ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ይወጣል፣ ይወርዳል።»
እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ጅማትህን ስትገዘግዝ ከረምክ በለኛ! ከገና ጀምሮ እዚሁ ነኝ፣ አታሳየኝም ነበር?»
በዚህ ዕድሜዬ አንብቢልኝ ማለት አሳፈረኝ።

ማርች 17
አሥራ አምስት። ሂልዳ ከታች ቆማ ትቆጥራለች። «ሦስት ላይ ወረድክ፣ ድገም!» አሥር አለቃ ሆናለች።

ኤፕሪል 14
አራት።
ለኒያም ነገርኳት። ማንበብ አልችልም አልኳት። ትስቃለች ብዬ ጡጫዬን ጨብጬ ነበር።
«ቢነግሩኝ ኖሮ ያኔውኑ ላሳይዎት እችል ነበር» አለች። ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ወጣች። ይኸው ነው? ስልሳ ዓመት የፈራሁት ይኸው ነው?

ሜይ 20
ሁለት። አንድ ደቂቃ ሮጥኩ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመድኩ። ስድስት ጊዜ። አላመመኝም... ቆሜ ጠበቅኩት፣ አልመጣም።

ቅዳሜ፣ ጁን 28
ከክለቡ ጋር ሮጥኩ።
መነሻው ላይ የሚሞላ ወረቀት ሰጡን። ሁልጊዜ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ፣ ክላይቭ ይሞላልኛል። ዛሬም ብዕሩን አንስቶ «ረሳኸው አይደል?» አለኝ።
«ኪሴ ውስጥ ነው። ማንበብ አልችልም። አንብብልኝ።»
ሁሉም ሰማ።
«ታዲያ ለገና መነጽር የገዛሁልህ ምን አቃጥሎኝ ነው?» አለ ክላይቭ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አነበበልኝ።
ሦስተኛው ድልድይ ድረስ፣ ደርሶ መልስ። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እንኳ ቀደመችኝ። ግን ሮጥኩ። ሳላነክስ ሮጥኩ።
ሂልዳ «ሕመም ስንት?» አለችኝ። ብዕሩን ስጪኝ፣ ይህችን ራሴ እጽፋታለሁ አልኳት። ክብ ናት፣ አታቅተኝም።
0