የጎሹን ራስ ቅል መስታወት ውስጥ ለቆለፉልን ሰው

ለተከበሩ አቶ ዊንስተን ክርተንደን፣
የ«ከባሕር እስከ ባሕር» የኮሌጆች የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም አንገትዎና ጥርሶችዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የኬልቪክ ከተማ ሰዎች ከተሰበረው በቀር ደኅና ነን።

ኮሌጃችንን ከወንዝ ማዶ ካለው ከታመር ኮሌጅ ነጥለው፣ ለቴሌቪዥን ሲባል ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ስላጋጠሙልን ምስጋናዬን በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከድልድዩ ስለገላገሉን። እንደሚያውቁት፣ ኧረ የት ያውቁና፣ በኖቬምበር መጨረሻ ቅዳሜ ከታመር ጋር ከምናደርገው ጨዋታ በኋላ ያሸነፈው ወገን እንደ ዋንጫ የምንሻማበትን የጎሹን ራስ ቅል ተሸክሞ ድልድዩን ሲሻገር፣ የተሸነፈው ግራና ቀኝ ተሰልፎ በቡጢ ይሸኘዋል። ባለቤቴ ቨርን ቀኙን ቀንድ፣ ወንድሙ ዴልመር ግራውን ይዘው ስድስት ጊዜ ተሻግረዋል። ቨርን ሁለት ጥርስ፣ ዴልመር የጆሮውን ጫፍ እዚያው ትተዋል። እኔም በተሸነፍንበት ዓመት በርኒስ ክላሰን የምትባል የታመር ሴት አፍንጫ አጣምሜአለሁ። ለገና ካርድ ላከችልኝ፤ «አንቺ የተረገምሽ፣ ከበፊቱ አምሮብኛል» ብላ።

ሁለተኛ፤ ስለ አዲሶቹ ጨዋ ተጋጣሚዎቻችን። በሴፕቴምበር ባሕሩ ዳር ድረስ ሄደን አሸንፈን ስንወጣ፣ ሰዎቻቸው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጠበቁን። ቨርን የለመደው ነገር መስሎት አንገቱን ቀብሮ ገባና መጀመሪያ እጁን የዘረጋለትን ሽማግሌ መንጋጋውን አለው። ለካስ ሰውየው ሊጨብጠው፣ የቀሩትም ሊያጨበጭቡልን ኖሯል! ሽማግሌው ከወደቀበት ሳይነሳ «ይቅርታ ወንድሜ፣ መንገድ ዘጋሁብህ?» ቢለው ቨርን እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሦስተኛ፤ ዋናው ይኼ ነው። የምንመታው ጎረቤት ስለነሱን እርስ በርሳችን ገባን። ባለፈው ኖቬምበር፣ ጨዋታ በሌለባት በዚያች ቅዳሜ፣ ቨርንና ዴልመር ጓሮዬ ውስጥ ቋሊማ እየጠበሱ ከሃያ ዓመት በፊት የተጫወቱትን ጨዋታ አነሡ። «ኳሷን የጣልካት አንተ ነህ!» «ዝም በል አንተ ሰነፍ!» ዴልመር በሥጋ መቆንጠጫው የወንድሙን ቅንድብ ከፈተው፤ ቨርን መንጋጋውን ሰበረው። ደሙ በድንች ሰላጣዬ ላይ! ድልድዩ ላይ ተደባድበን ስናበቃ ተቃቅፈን ቢራ እንጠጣለን። ወንድማማቾቹ ግን ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ ዴልመርም ቤቱን ሸጦ ሊሄድ ደጁ ላይ ማስታወቂያ ተከለ።

ደስታዬን ልንገርዎ፦ በርኒስ ደወለች። «ዶርላ እህቴ፣ እኛም ቤት አማቾቼ ተፈነካከቱ። እንግዲህ ማንን እንምታ?» አለችኝ። እናም ወሰንን። በመጪው ኖቬምበር፣ ያለ እርስዎ ሊግና ያለ ቴሌቪዥን፣ ከሁለቱም ከተሞች ዕድሜአቸው ከአርባ ያለፈ በበርኒስ የበቆሎ ማሳ ላይ ይጋጠማሉ፤ ከዚያም ወደ ድልድዩ። ለወንድማማቾቹ ለየብቻ ነገርኳቸው። ዴልመር በሽቦ በታሰረ አፉ «ቨርን ግራውን ቀንድ ለሌላ ሰው ሰጥቷል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በማግሥቱ ማስታወቂያውን ነቀለው።

እንግዲህ የጎደለን ራስ ቅሉ ብቻ ነው፤ እርስዎ «ቅርስ» ብለው ቢሮዎ መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን አኑረውታል። እስከ ወሩ መጨረሻ በክብር ቢልኩልን እንወዳለን። አለዚያ ከሁለቱም ከተሞች የተውጣጣን አርባ ሴቶች መጥተን እናመሰግንዎታለን።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመስታወቱ ግን አጭር የምትመኝ፣ ክንዷ ገና ያልዛለ ታዛዥዎ፣
ዶርላ ሃውግላንድ፣ ከኬልቪክ

ማሳሰቢያ፦ በርዎን የሚጠብቀው ጎረምሳ የበርኒስ የእህት ልጅ ነው። የትኛው በር እንደማይቆለፍ ነግሮናል። እርስዎ በየትኛው እንደሚሸሹም ገምቶልናል፤ በርኒስ እዚያ ትቆማለች።