አራቱንም ባንዴ

ሰኞ

እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያደረግኩት። እህቴ ሊዲያ እንዳታነበው ይሄን ደብተር ፍራሽ ስር እደብቀዋለሁ።

የመብራት ቢል መጣ። እትዬ ሮማን ወረቀቱን ይዘው ማሽኖቹ መሀል ቆሙ፣ ባልዲ የምናመርተው ሁላችንም ተሰበሰብን። "መብራቴን ማነው የበላው?" ጮሁ። ፋብሪካው የሳቸው ነው። ሲሳይ፣ አለቃችን፣ ሮጦ የጥበቃ ቤቱን ፈተሸና የኤሌክትሪክ ምድጃ አወጣ። የዘበኛው የጋሽ ቶሎሳ።

"ሻይ ነው የማፈላበት፣ ብርዱን አታዩትም እንዴ?" አሉ። ማን ሰማቸው። እስከ ቅዳሜ ይውጡ ተባለ። ይሄ ግቢ እኮ ድሮ የሳቸው የገብስ ማሳ ነበር።

እኔ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

ኤሌክትሪሺያን መጣ። ወለል እየጠረግኩ ሰማሁት። ፋብሪካ እንደ ቤት አይደለም አለ፤ በወሩ ውስጥ አንድ ቀን እንኳን ባንዴ ብዙ ከሳባችሁ፣ ያቺን ትልቋን ቁጥር ይዘው ወሩን ሙሉ በሷ ያስከፍላሉ። "በሻይ ምድጃ ይሄን ያህል አይመጣም እትዬ። ማሽኖቹን ባንዴ ያበራ ሰው አለ።"

እትዬ ሮማን ወደ እኔ ዞሩ። "ጠዋት ተራ በተራ ነው የምታበሪው አይደል?"

"አዎ እትዬ።"

ወጣ ከአፌ። በቃ ወጣ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ጠዋት የአራቱን ማሽኖች ላስቲክ የሚያቀልጠውን ማሞቂያ የማበራው እኔ ነኝ። አንዱ ሲሞቅ ሌላውን፣ አስራ ሁለት ሰዓት ሥራ እስኪጀመር አራቱም መድረስ አለባቸው። ባለፈው ወር ያ ውርጭ የወደቀ ጊዜ ግን ብረቱ በረዶ ሆነ፣ አልሞቅ አለ። አርፍጄ ሲሳይ ደሞዝሽን እቆርጣለሁ አለኝ። በማግስቱ አራቱንም ባንዴ አበራሁ። መሀላቸው ቆሜ እጄን አሞቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ የበረዶ ቆዳ አውጥቷል። ተራ በተራ አበራሁ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱ ብቻ ደረሱ። "እመቤቲቱ፣ ቁርስሽን ጨረሽ?" አለኝ ሲሳይ። ሁሉም ሳቁ።

እትዬ ሮማን ቢሉ ካልወረደ አንድ ማሽን አቆማለሁ፣ ሁለት ሰው እቀንሳለሁ አሉ።

የምፈራው፦ ሥራዬን። የቤት ኪራይ። ሊዲያ ከትምህርት ቤት ትወጣለች። የጋሽ ቶሎሳ አይን።

ልጸልይ ተንበረከክኩ። ጌታ ሆይ ብዬ ቀረሁ፣ ከዛ በኋላ ምን ልበል?

ሐሙስ

ጋሽ ቶሎሳ ብርድ ልብሳቸውን በገመድ ሲያስሩ አገኘኋቸው። የሆነ ነገር ልበል ብዬ "አይዞዎት" አልኩ።

ቀና አሉ። "አንቺ አንዱን ስታበሪ የኔ አምፖል ትንሽ ይደክማል። ሁሌ አራት ጊዜ ነው፣ በየተራ። ያን ቀን ግን ባንዴ ጭልም አለብኝ።"

"ለምን አልተናገሩም?"

"ምድጃ የተያዘብኝ እኔ፣ ማን ያምነኛል? ደግሞ..." ገመዱን ጠበቅ አደረጉት። "ጠብቄሽ ነበር። አራት ቀን ጠበቅኩሽ፣ ልጄ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ

ነገርኳቸው። እትዬ ሮማን ቢሮ ገብቼ በሩን እንኳን ሳልዘጋ ለቀቅኩት፣ እያለቀስኩ፣ ምን ምን እንዳልኩም አላውቅም።

ቢሉን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። "ማክሰኞ አይኔን እያየሽ ዋሸሽኝ?"

"አዎ እትዬ።"

"የመብራቱን ቢል አንቺ ትከፍይዋለሽ?"

ጋሽ ቶሎሳ እንዲቆዩ ፈቀዱ። ምድጃው ግን አይመለስም፣ ይቅርታም አልተባሉም። "ያንቺን ሰኞ እንነጋገራለን። እስከዛ ሌላ የሚያበራ ሰው የለኝም። ውጪልኝ አሁን።"

ቅዳሜ

ከሌላው ቀን ቀድሜ፣ አስር ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጣሁ። ጅብ ፈርቼ ከኮተቤ ዳገት እስከ ፋብሪካው እየሮጥኩ፣ ትንፋሼ እየጨሰ። ሳሩ ነጭ ነው። ጋሽ ቶሎሳ በሩን ከፈቱልኝ፣ ሰላም አላሉኝም።

የመጀመሪያውን አበራሁ። በመስኮት አየሁ፣ አምፖላቸው ትንሽ ደከመ።

"አንድ!" ብለው ጮሁ ከውስጥ።

ቆሜ ጠበቅኩ። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ። ሁለተኛውን። "ሁለት!" እሱ እንቢ አለ፣ ብረቱ አልሞቅ አለ፣ እስኪሞቅ ጠብቄ ሦስተኛውን። "ሦስት!"

አራት ብለው አራተኛውም ሲሞቅ አስራ ሁለት ሊሆን ነበር። ሲሳይ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየና ወደ ውስጥ ገባ።

ሰኞ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።